ሣሩ የማያውቀው ቀጠሮ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ያለ መምህር አልቀረሁም። ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሲለካ ብዙ ይናገራል፤ እኔ ደግሞ የማልለካው ዓይነት ሰው የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ቁም ነገር ከእኔ የመነጨ እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ ድርሻ አጠገባቸው መቀመጥ ብቻ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. መስከረም ሊገባደድ ሲል ክርና ቁልፍ ላመጣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል አንዲት ወጣት፣ ከእርሷ ቀጥሎ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ቀና ብል የኩታበሩ ሸህ እንድሪስ ናቸው። በኩታበርና በደሴ መካከል እርሳቸውን የማያውቅ ቢገኝ ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ደም ሲያደርቁ፣ ድንበር ሲያካልሉ፣ የኮበለለች ሚስት ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ወአለይኩም ሰላም! እንዴት ነህሳ፣ ሰፊው? ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ይቺ ረሂማ ናት፣ የወንድሜ ልጅ። አባቷ ሲሞት የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተማረች፣ አሁን በቃት። ጀላል፣ የእናቷ ወንድም፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቶላታል። ዛሬ ወስጄ ላስረክባት ነው።»

ልጅቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ጀርባዋ ቀጥ ብሏል።

«አንድ ዓመት ለዩኒቨርሲቲ አላነሰም?» አልሁ።

«ሐኪም ትሆናለች፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ትቀጠራለች፣ ይህን ጉልበቴን ታይልኛለች ብዬ ስጠብቅ ምን መረጠች መሰለህ? ንገሪው እስቲ፤ እኔ ስሙ አይያዝልኝም።»

«የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት» አለች ቀስ ብላ።

«ሰማህ አይደል? ግንኙነት! እኔና አንተ አሁን እዚህ የተገናኘነው ተምረን ነው?»

አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ጀምሮ ነበር። ግማሽ ላይ ስንደርስ አንድ ወታደር እጁን አንሥቶ አስቆመን፤ ከታች ኮንቮይ እየወጣ ነው። ስንት መኪና እንደነበረ አልቆጠርሁም፤ በዚያ ዘመን ከመንገድ ዳር ሆኖ የጦር መኪና መቁጠር ጥሩ ልማድ አልነበረም። ብቻ አንድ ክርክር ተጀምሮ እስኪያልቅ የሚበቃ ያህል ነበር።

«አብዬ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር» አለች ረሂማ።

«ተናገሪ። መናገር ከልክዬሽ አላውቅም፤ የከለከልሁሽ መሄድ ነው።»

«ልማር ያልሁት የእርስዎኑ ሥራ ነው። እርስዎ ሰውን ከሰው ያስታርቃሉ፤ ይህ አገርን ከአገር ማስታረቅ ነው። ጦርነት እንዳይነሣ፣ ከተነሣም እንዲበርድ፣ ከበረደ በኋላም ተመልሶ እንዳይለኮስ።»

«የሚያስተምርሽ ሰው ስንት ሰው አስታርቋል?»

«እሱን… አልጠየቅሁትም።»

«ጠጉሩ ሸብቷል?»

«ገና ወጣት ነው።»

«እንግዲህ!» አሉና ፍርድ እንዳገኘ ከሳሽ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ከሽማግሎች ኋላ ተቀምጬ አሥራ ሁለት ዓመት አፌን ሳልከፍት ሰምቻለሁ። ጢሜ ሲነጣ ነው የተናገርሁት። ይቺ ደግሞ የሚነጣ ጢም የላትም!»

«ሁለት ሰው ጦር ሲማዘዝ ነጠላዋን አውልቃ በመሃል የምትጥለዋ እናትስ ጢም አላት፣ አብዬ?»

ሸህ እንድሪስ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ፤ መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል ነበር። እኔ ሳል መጣብኝ።

«ይሁን» አሉ። «ግን እነዚያን ሰዎች በሬዲዮ እሰማቸዋለሁ። ‹በወንድማማችነት መንፈስ ተወያዩ› ይላል። ምን ተባባሉ? የለም። በአውሮፕላን ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ምንም ሳይነግሩን ይመለሳሉ። ይህ ሥራ ነው?»

«እርስዎ ከዋርካው ሥር አስታርቀው ቤት ሲመለሱ እማማ ‹ምን ተባላችሁ?› ሲሉዎ ምንድን ነው የሚመልሱላቸው?»

«‹ደግ ነው› እላለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን እላለሁ! የሰው ምስጢር ነው እኮ!»

«እነርሱም ‹ደግ ነው› ነው ያሉት አብዬ፤ ልዩነቱ ሱፍ ለብሰው መሆኑ ነው።»

በዚህ ጊዜ ከፊታችን ካለው ወንበር አንድ ገበሬ ከወገቡ ዞሮ እጅ ነሣ። ሞላልኝ ይባላል፤ መንደሩ ከሸህ እንድሪስ መንደር አንድ ሜዳ አቋርጦ ማዶ ነው። ከተነሣን ጀምሮ ጆሮው እኛ ዘንድ እንደነበረ ከአንገቱ ያስታውቅ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሸህ፤ ልጅቱ እውነት አላት። ታናሽ ወንድሜ ኦጋዴን ላይ ተማርኮ አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ታሰረ። ሞቷል ብለን ተዝካሩን አውጥተናል። ባለፈው ሚያዝያ ሁለቱ መንግሥታት ተፈራረሙ፤ በነሐሴ መጥቶ በር አንኳኳ። እናቴ ተዝካሩን የበላውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች።»

«አልሐምዱሊላህ! አላህ ነው የመለሰው።»

«አሜን፣ እርሱ ነው። ግን እርሱም ሰዎቹ ቁጭ ብለው እስኪነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ይመስለኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሸህ፣ የውል ነገር ከተነሣ የእኛው ነገርስ? መውሊድ ዘንድሮ ጥቅምት አሥራ ሦስት ነው። የእርስዎ መንደር ጎረምሶች ከብት እናስገባለን ብለው ዱላ እየመረጡ ነው። የእኛዎቹ እንኳ መርጠው ጨርሰዋል።»

ነገሩን ለአንባቢ ላስረዳ። ከክፉው ድርቅ በኋላ ዝናቡ ሲመለስ ሣሩ ተመለሰ፤ ሣሩ ሲመለስ ፀቡም አብሮ ተመለሰ። ሁለቱ መንደሮች በሜዳው ሣር ተጋጩ። በ1978 ሸህ እንድሪስ አስቀመጧቸውና፣ ሜዳው በክረምት ተከልሎ ይቆይ፣ የሁለቱም ከብት በመውሊድ ዕለት ይግባ ብለው ፈረዱ። ዱዓ ተደረገ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። መውሊድን የመረጡት ሁሉ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ማንም የማይደፍረው ቀን ስለሆነ ነው። የዚያን ዓመት መውሊድ የዋለው ኅዳር አሥራ ስድስት ነበር፤ ሣሩ ደርቆ ፍሬውን አራግፎ ነበር። ነገር ግን የሒጅራው ዓመት ያጥራል፤ መውሊድ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል።

«በጥቅምት አሥራ ሦስት ሣሩ አረንጓዴ ነው» አለ ሞላልኝ። «መሬቱም ገና ጭቃ ነው። ከብት ከረገጠው ለከርሞ የሚበቅል የለም።»

«ቃል ቃል ነው። መውሊድ ተብሏል፣ መውሊድ ነው።»

«አብዬ፣ ውሉን ሲያስሩ መውሊድ እንደሚዞር…»

«የመውሊዱ ወር ረቢዕ እንደሚዞር እኔ አጣሁት?» ጮኹ። «ስድሳ ዓመት ጾሜያለሁ! በክረምትም በበጋም ጾሜያለሁ!»

«እርስዎ ያውቃሉ፤ ሣሩ ነው የማያውቅ።»

ባልና ሚስት ሲማቱ ሳይደነግጡ የሚቀመጡት ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስሕተቱን ካወቁት ሰንብተዋል። ያስጨነቃቸው ቃላቸው ነው። አርባ ዓመት ቃሉን ያላጠፈ ሰው ‹ተሳስቼ ነበር› ቢል ያስታረቃቸው ሁሉ የየራሳቸውን ውል ማገላበጥ ይጀምራሉ። እዚያው ላይ ደም ቢፈስ ደግሞ በእርሳቸው ዱዓ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

ረሂማ አላፌዘችም። ወደ ሞላልኝ ዞረች።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሜዳው ለምን ይከለል አላችሁ?»

«ሣሩ ፍሬ እስኪጥል ነዋ።»

«አብዬ፣ የእኛ መንደርስ ለምን እሺ አለ?»

«ለዚያው።»

«ሁለታችሁ የፈለጋችሁት አንድ ነገር ነው ማለት ነው። የተጣላችሁት በቀኑ ነው። አገሮችም እንዲህ ሲገጥማቸው ያሰሩትን ውል አያፈርሱም፤ ማንንም አላዋቂ አይሉም። የመጀመሪያውን እንዳለ ይተዉትና ሌላ ወረቀት ያክሉበታል። አባሪ ይባላል። እንዲህ ቢባልስ፤ በመውሊድ ዕለት እንደ ቃሉ ሁለቱም መንደር ሜዳው ላይ ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሽማግሎቹ ገብተው ሣሩን ያያሉ። ከብቱ ግን የሚገባው ኅዳር አሥራ ስድስት፣ ውሉ በታሰረበት ቀን ይሆናል። መውሊዱ አልተሻረም፣ ቃልዎ አልታጠፈም፣ ሣሩም አልተረገጠም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱ ሜዳ ያለው ይመስል ያዳምጣል። ሞላልኝ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈና፣ «ማነው የተሸነፈው?» አለ።

«ማንም።»

«እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ!»

ሸህ እንድሪስ ግን በቀላሉ የሚለቁ አልነበሩም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አሰቡና፣ «ቆይ» አሉ። «መውሊድ እየሸሸ ክረምት ይገባል። ክረምትን አልፎ ጸደይ፣ ከዚያም በጋ፣ ዞሮ ዞሮ ታኅሣሥ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ከብቱ በኅዳር ሳይሰበሰቡ ሊገባ ነው? ዱዓው ከብቱን ተከትሎ ይምጣ?»

ረሂማ ወራቱን በጣቷ ቆጠረች።

«ይህን… አላሰብሁትም፣ አብዬ።»

አሸነፉ ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ በዋርካው ሥር እንደሚያደርጉት በከዘራቸው የአውቶቡሱን ወለል ይጭሩ ጀመር። «መውሊድ ከኅዳር አሥራ ስድስት ካለፈ፣ መሰብሰቢያው ኅዳር አሥራ ስድስት ይሁን። ዱዓ ይቀድማል፣ ከብት ይከተላል። እንዲህ ብለሽ ጨምሪበት። ደግሞ በጳጉሜን ቢውልስ? ዝናብ ነው፣ ወንዝ ሞልቶ አይሻገሩም…» ቀና አሉ። «ያ ረቢ! ይህ ነገር ሠላሳ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ይታሰባል ማለት ነው!»

«ለዚህ ነው አብዬ፤ ለዚህ ነው የሚጠናው። ሌሎች አገሮች የት ላይ እንደተሳሳቱ፣ የትኛው ውል ለምን እንደፈረሰ ተጽፏል። እርስዎ አርባ ዓመት የለፉበትን እኔ ከእርስዎ ሰማሁ። የሌላው ዓለም ሽማግሎች የለፉበትን ደግሞ እዚያ ላነብ ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ አሁን አላዩኝም? እርስዎ ባይኖሩ ውሌ ታኅሣሥ ላይ ይፈርስ ነበር።»

«አርባ ዓመት እስክሪብቶ ይዤ አላውቅም» አሉ ሸህ እንድሪስ። የተናገሩት ለእርሷ አልነበረም፤ ለራሳቸውም አይመስለኝም። «እኔ ስሞት ያ ሁሉ ውል በማን አፍ ይኖራል?»

ወታደሩ እጁን አወዛወዘ፤ ሹፌሩ ሞተር አስነሣ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ጀላል የሥራ ማመልከቻውን አስሞልቶ፣ ፎቶግራፍ ብቻ ሲቀረው ይጠብቀን ነበር። ሸህ እንድሪስ ትከሻውን አቅፈው ዘወር አደረጉትና ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ብቻ ጀላል ሲመለስ ፊቱ አልከፋም፤ እንዲያውም ቦታውን ለሚስቱ እህት ለከሪማ እንዲሰጧት ሸህ ራሳቸው አለቃውን ሊያነጋግሩለት ቃል ገብተዋል። እርቅ የለመደ ሰው እንዲህ ነው፤ የነሣውንም ሰው አመስጋኝ አድርጎ ይሸኘዋል።

የዚያን ዕለት ማታ በጀላል ቤት አባሪው ተጻፈ። ረሂማ ጻፈች፣ ሸህ እንድሪስ አረሙ፣ ሞላልኝ ሦስት ጊዜ አስነብቦ ፈረመ፤ እኔ ምስክር ሆንሁ። የኋላውን መንገር ካለብኝ እነሆ፦ ሁለቱም መንደር አባሪውን ሰምቶ ተቀበለ፤ በመውሊድ ዕለት ሁለቱም መንደር ሜዳው ላይ ተሰብስቦ በላ፣ ጠጣ፣ ዱላውን ተመርኩዞ ወደ ቤቱ ገባ። ከብቱ ኅዳር አሥራ ስድስት ገባ። በዚያ ዓመት ከዚያ ሜዳ ወደ ሆስፒታል የተወሰደ ሰው የለም፤ ድርቆሹም እስከ ግንቦት አደረሰ። ሸህ እንድሪስም በየባለ ውሎቹ ቤት ዞረው የማርያም ደብር መሪጌታን እያስጻፉ ሃያ ሦስት የቆዩ ውሎች በሁለት በሁለት ቅጂ አስቀመጡ፤ ከእነዚህ በአራቱ ገና ሲጻፉ ባለቤቶቹ የተስማሙት የተለያየ ነገር መሆኑ ተገኘ። እንግዲህ አንድ ዓመት የተማረች ልጅ ይህን ካደረገች፣ ጨርሳ ብትማር ለሁለት መንግሥታት ምን እንደምታደርግ እናንተው ለኩት። ‹ሴት ልጅ ከዚህ በኋላ በቃት› የሚል ደንበኛ ሲመጣብኝ፣ እኔ ይህን ታሪክ ሳልጨርስለት ሜትሩን ከአንገቱ አላነሣም።

በማግስቱ ጠዋት ከደሴ የተነሣው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ኮምቦልቻ ሲቆም ሁላችንም መናኸሪያው ነበርን። ረሂማ ገባች። ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ሸህ እንድሪስ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳረፉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ! ይቺን ልጅ ሁለት ኃያላን ሲጣሉ በመካከላቸው ሳትፈራ የምትቆም አድርጋት። ቃሏን የምትጠብቅ፣ የተናገረችውንም የምትጽፍ አድርጋት። የተማረከ በእጇ ይመለስ፣ የተሰደደ በእጇ ቤቱን ያግኝ። አላዋቂነቷን ‹አላሰብሁትም› ብላ እንደተናገረችው፣ ሹመት ስታገኝም መናገሩን አትንሣት።»

«አሚን!» አለ አውቶቡሱ። «አሜን» ያሉም ነበሩ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሰማው፤ ትኬት ቆራጩም ቆቡን አውልቋል። ረሂማ ወደ በሩ መጥታ የአጎቷን እጅ ሳመች። አገርን ከአገር ለማነጋገር የምትሄድ ልጅ መናገር ሲያቅታት ያየሁት የዚያን ጠዋት ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ወደ ሐርቡ መንገድ እስኪሰወር ቆመን አየነው። ሸህ እንድሪስ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ስንት ዓመት ይቀራታል?»

«ሦስት፣ ሸህ።»

«ሦስት ዓመት!» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እስከዚያ ድረስ ይህን ሁሉ ጠበኛ ብቻዬን ልችለው ነው?»