በክብር የተቀመጡት እናት

ከመሐል ሜዳ ወደ ቀየት የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ጎረቤታችን ጋሽ ወዳጆ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ በስትሮክ የተጎዱትን መልሶ ማቋቋም ውጭ አገር ተምሬ በቅርቡ ነው የተመለስኩት፤ ትምህርቴ ለዚህ ደጋ ይበጅ እንደሆነ ግን ለራሴም እርግጠኛ አልነበርኩም።

የጋሽ ወዳጆ እናት እማማ ተሾመች አዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ሳለ ስትሮክ መታቸው። ወዲያው ሆስፒታል ስለደረሱ የተደፈነው የአንጎል ደም ሥር በመድኃኒት ተከፈተ። አገራቸው ከገቡ በኋላ ግን ከአልጋ አልወረዱም። ጋሽ ወዳጆ መድኃኒቱ የማይረባ ነው ብለው የታዘዘላቸውን የእንቅስቃሴ መልመጃ ሊያስቀሩ ቆርጠዋል።

«መምሬ መልከ ጼዴቅ በዚያው በሽታ ተመትተው፣ በዚያው መድኃኒት ድነው ይኸው ይቀድሳሉ» አሉኝ። «በዕድሜም ከእናቴ ይበልጣሉ። የሷን መድኃኒት ምን ነካው?»

እማማ ከመታመማቸው በፊት እንዴት ይውሉ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ፊታቸው በራ። «እንዝርቷን ተቀብለናታል፣ የእጅ ውሃ ከተቀመጠችበት ይቀርብላታል፣ ጠበሉም ቤት ድረስ ይመጣላታል» አሉ። እማማ ምግብ እየቀነሱ ሲከሱም ዕድሜ ነው ብለው ትተውታል።

«መምሬስ እንዴት ነበሩ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። መምሬ በየቀኑ ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱ፣ ንባቸውን ራሳቸው የሚጠብቁ ሰው ናቸው።

«እናትህን አክብረህ ጎዳሃት ልትዪኝ ነው?»

«በሽታውን እርስዎ አላመጡትም» አልኩ፤ ታላቅን መውቀሴ አሳፍሮኝ ድምፄ ዝቅ አለ። «መድኃኒቱ ደም ሥሩን ይከፍታል፤ የሚነሣው ግን ሰውነት ነው። ከበሽታው በፊት ሥጋው ያለቀ፣ ጉልበቱ የላላ ሰው ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ያውም በከፊል ነው የሚያገግመው። ዕድሜ ብቻውን አይወስነውም። ደግሞ የላላ ጉልበት ጨርሶ አይጠፋም፤ በምግብና በመንቀሳቀስ የተወሰነው ይመለሳል።»

«ሰውስ? ወዳጆ የታመመች እናቱን ያስለፋል ቢለኝ የት እገባለሁ?»

ለካ መልመጃውን ያስጠላቸው ይኸው ነበር።

ቤታቸው ደርሰን የተባባልነውን ለእማማ ነገርኳቸው። ምላሳቸው እየተሳሰረ ወደ ጋሽ ወዳጆ ዞረው መለሱ፦ «ልጄ፣ ሥራውን ሁሉ ስትቀበሉኝ የማልረባ ሆንኩ ብዬ አፈርኩ። እንዳላስቀይማችሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ወዳጆ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። «እኔ የኮራሁበት እሷን ሲያሳፍራት ኖሯል» አሉ።

በማግስቱ እሑድ መልመጃውን ለመጀመር እኔና ጋሽ ወዳጆ እማማን ግራና ቀኝ ደግፈን አቆምናቸው። ያን ጊዜ ጎረቤቶች ለጥየቃ ከቅዳሴ መልስ ገቡ። እትዬ አመተሥላሴ ገና በሩ ላይ ሳሉ «ምነው ወዳጆ! ይረፉ እንጂ፣ አሁን እሳቸው ለዚህ ናቸው?» አሉ።

ጋሽ ወዳጆ አፈሩ። እማማን መልሰው ያስቀምጧቸዋል ብዬ ነበር።

«ብዙ አሳረፍኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እናንተም ቤት ያሉትን አዛውንት አታስቀምጡ። በጤናቸው ሳሉ ደህና ይብሉ፣ ይራመዱ፣ የሚችሉትን ይሥሩ። ክፉ ቀን ቢመጣ የሚነሡበት አቅም ይኖራቸዋል፤ ባይመጣም ሰው ሆነው ይውላሉ።»

ከጎረቤቶቹ አንዷ አንገቷን ደፋች፤ ቤቷ የምታስቀምጠው አማት እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን።

እማማ ምን ያህል እንደሚድኑ ለጋሽ ወዳጆ ልነግራቸው አልደፈርኩም፤ አላውቅምና። የእማማ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። የጋሽ ወዳጆ ከንፈር «ተቀመጪ» ለማለት ተከፈተ፤ ቃሉን ግን ዋጡት። የእናታቸውን ክንድ አጠንክረው ያዙና እማማ እግራቸውን እስኪያነሡ ጠበቁ።