የጃጁራ ቅቤ ሻጮችና የኬንያ ሕግ

ገነቴ ቅዳሜ ጃጁራ ገበያ ቅቤዋን ዘርግታ ተቀምጣ ሳለ፣ ቀና ስትል ከፊቷ የቆመው ገዢ የጎረቤቷ ልጅ ነህምያ ነው። ናይሮቢ ተምሮ ገና መመለሱ ነበር። ጉንጩን ስማ፣ ጌታን አመስግና፣ ቅቤውን ፌስታል ውስጥ ልትከትለት ስትል እጁን ሰበሰበ።

«እትዬ፣ ፌስታሉ ይቅር። በኮባ ይጠቅልሉልኝ።»

«ከውጭ አገር መጥተህ የእንሰት ቅጠል ትለኛለህ? እኛ እኮ ሠልጥነናል።»

«ኬንያ ፌስታል ክልክል ነው። ስሄድ ሞያሌ ላይ የያዝኩትን አስጥለውኛል።»

«መንግሥታቸው ሥራ ፈቷል ማለት ነው። ሰልፍ ሰልፍ ሲባል ነው የምሰማው።»

ነህምያ ሳቀ። «ሰልፉም አለ፣ ጉቦውም አለ፤ ገነት ነው አላልኩም። ፌስታሉን ሲከለክሉ ፋብሪካዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራክረው ነበር። ሕጉ ግን ጸና። ሰዉም አጉረምርሞ አጉረምርሞ ዘንቢሉን ይዞ መውጣት ለመደ። እኛም አገር እኮ ሕጉ ወጥቷል።»

«መውጣቱንስ ሬዲዮ ሰምቻለሁ። ጃጁራ አልደረሰማ።»

አጠገቧ የምትሸጠው ትርፊት አንገቷን ደፋች። ባለፈው ሳምንት የሞተችው ላሟ ሆዷ ሲከፈት ፌስታል ነበር የሞላው። ላም ጨውና ቅባት ከሸተታት ፌስታሉንም አብራ ትውጣለች። ገነቴ ይህን አላጣችውም። የፈራችው ሌላ ነው።

«ስማኝ ልጄ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ልጆቼን ያሳደግሁት፣ ዛሬም የማድረው በዚህች ቅቤ ነው። እኔ ብቻዬን ኮባ ብል ገዢው ፌስታል ወዳላት ይሄዳል። ጌታ ደግሞ ጦምሽን እደሪ አላለኝም።»

«ልክ ነዎት እትዬ። እዚያም አንድ ሻጭ ብቻውን ቢተው ይጎዳ ነበር። ሕግ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ እንዲተው። ቅጣቱ ለእምቢተኛው ነው።»

ገነቴ ወደ ትርፊት ዞረች። እንዲህ ከሆነማ አንድ ላይ ለመተው ፖሊስ እስኪመጣ ምን ያስጠብቃል?

«ትርፊት፣ እኔ ብተው ትተያለሽ?»

«እተዋለሁ። ሃቢባን ግን አንቺ ንገሪያት፤ እኔን አትሰማኝም።»

ገነቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከረድፉ ጫፍ ወደምትሸጠው ሃቢባ ሄደች።

«ገዢው ቢቆጣስ?» አለች ሃቢባ።

«ይቆጣና የት ይሄዳል? ሁላችንም ኮባ ከሆንን?»

በሳምንቱ አንድ ሰው ከሆሳዕና መጥቶ ፌስታል ካልሰጣችሁኝ አልገዛም አለ። ገነቴ ዘንድ አጣ፣ ትርፊት ዘንድ አጣ። ገነቴ በልቧ እየጸለየች በዓይኗ ተከተለችው። ሃቢባ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ኮባ ቅቤውን ያቀዘቅዘዋል» አለችው ሃቢባ፣ እየጠቀለለች። «ሲጥሉትም ይበሰብሳል። ላም ብታገኘው ደግሞ ራቷ ነው።»

ሰውየው እያጉረመረመ ተቀበላት።