ለኪሩቤል የመጡ ባጃጆች

(ሊመሽ ሲል፣ ወይዘሮ የሺመቤት ቤት፣ የፊት በሩ አጠገብ። ልጇ ኪሩቤል፣ የዩኒቨርሲቲው ቡድን የግራ መስመር ተከላካይ፣ ጓዳ ተኝቷል፤ ታናሽ ወንድሟ ታፈረ፣ የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ለነገው የፍጻሜ ጨዋታ ሊወስደው መጥቷል።)

የሺመቤት፦ ጫማውን አዛውሮ ነው የገባው እልሃለሁ። እሁድ ከጨዋታው ሲመጣ፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። ክሩን ደግሞ አጥብቆ አስሮታል። እኔ ሞኟ ሳቅሁበት። የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው፤ ሻይ ቀድቼለት፣ ስኒውን ትቶ ከስኒው ጎን ጠረጴዛውን ሲዳብስ።

ታፈረ፦ ታዲያ ለአንድ ጫማ ብለን ፍጻሜውን እንተወው? ደክሞት ነዋ፣ እትዬ። ዘጠና ደቂቃ ሲሮጥ የዋለ ልጅ ጫማውን ባያዛውር ነበር የሚገርመኝ።

የሺመቤት፦ አንተ ደክሞህ ሱሪህን በራስህ አጥልቀህ ገብተህ ታውቃለህ?

ታፈረ፦ አንድ ጊዜ። እሱ ግን ድካም አልነበረም፤ የእማማ ብርቄ ጠላ ነው።

የሺመቤት፦ አታስቀኝ። እሁድ የሳቅሁት ይበቃኛል። ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ታፈረ፦ እሺ፣ ቀልዱን ትቻለሁ። ባጃጆቹ ከመናኸሪያ ተነስተዋል። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ በፍጻሜ ዋዜማ ተጫዋቹን ከእናቱ ደጅ እንቀበላለን፣ እናት ትመርቃለች፣ በሰልፍ ካምፕ እናስገባዋለን። አንቺ ብቅ ብለሽ እጅሽን ዘርግተሽ «ይቅናህ» ማለት ብቻ ነው ያለብሽ። አንዲት ቃል።

የሺመቤት፦ አልመርቅም።

ታፈረ፦ እንዴት አትመርቂም?

የሺመቤት፦ ምርቃት አፌ ላይ የለማ። እርግማን ከፈለጋችሁ አለ፤ ለሁላችሁም ይዳረሳል።

ታፈረ፦ የበረኛው እናት እንኳ አምና ወገቧን አሟት በሰው ተደግፋ ወጥታ መርቃለች።

የሺመቤት፦ እሷ ያመማት ራሷን ነው። እኔ የታመመብኝ ልጄ ነው።

ታፈረ፦ ማን ታሟል አለሽ?

የሺመቤት፦ ሐኪሟ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ። በጓሮ በር፣ ነጠላዬን አከናንቤ። የገዛ ልጄን እንደ ሌባ ሸፍኜ ነው የወሰድኩት፤ የማኅበራችሁ ልጆች አይተው ስሙን እየጠሩ እንዳይከተሉን።

ታፈረ፦ ማን አያችሁ?

የሺመቤት፦ ተመልከት እንግዲህ። ልጄ ታመመ ስልህ «ምን ሆነ» አላልክም። «ማን አያችሁ» አልክ።

ታፈረ፦ ነገር አታጣሚብኝ። ከአዲስ አበባ ተጫዋች መልማይ መጥቷል፤ ለእሱ ብቻ ብሎ ነው የመጣው፣ ለኪሩቤል። ሆቴል አርፏል። ወሬው ጆሮው ከደረሰ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የተጎዳ ተከላካይ ማን ይወስዳል? ደግሞስ ከፍጻሜ በፊት የተጫዋች ሕመም በአፍ አይነሳም። ዓይን አለ፣ ባላጋራ አለ። ሁላችንም አንናገርም ብለን ተማምለናል።

የሺመቤት፦ ተማምለናል?

ታፈረ፦ ማለቴ…

የሺመቤት፦ ምን ላለመናገር ነው የተማማላችሁት፣ ታፈረ?

ታፈረ፦ ምንም አይደለም እኮ። እሁድ ከአጥቂያቸው ጋር ለአንድ ኳስ ዘለሉና ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። ትንሽ ተኛ። ውሃ ደፋንበት፣ ተነሳ፣ ጨዋታውን ጨረሰ። ያ አጥቂ ከዚያ በኋላ ኳሷን በዓይኑም አላያትም።

የሺመቤት፦ ይኸው አምስት ቀን ሙሉ ደጄ እየወጣህ ትገባለህ። አምስት ቀን። እንጀራዬን ትበላለህ፣ «እንደምን ዋልሽ» ትለኛለህ።

ታፈረ፦ ብነግርሽ ምን ልታደርጊ ነበር? አንቺ እኮ ካፊያ ሲጥል ጎርፍ የሚታይሽ ሴት ነሽ። አሥረኛ ክፍል እያለ ለጉብኝት ሲሄዱ አውቶቡሱ ገደል ገባ ብለሽ ጎረቤት ሰብስበሽ አላለቀስሽም? ልጁ ሸንኮራ ተሸክሞልሽ መጣ። ሸንኮራውን እኔ አይደለሁም የበላሁት?

የሺመቤት፦ አዎ፣ አልቅሻለሁ። ስንቴ ፈርቼ ስንቴ ተሳስቻለሁ፤ በተሳሳትኩ ቁጥር ደግሞ ተንበርክኬ አመስግኛለሁ። ነገም ብሳሳት ደስታዬ ነው። አንተ ብትሳሳት ግን ልጄን ማን ይመልስልኛል? ማኅበሩ?

ታፈረ፦ አትሳቀቂ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ልጁ ደህና ነው። እንዲያውም ከወደቀበት ተነስቶ ሲቀልድብን ነበር። ከተማው ሁሉ የሚስቀው በዚህ አይደለም እንዴ?

የሺመቤት፦ ምን ብሎ ቀለደ?

ታፈረ፦ ሁለት ለዜሮ እየመራን «ጋሼ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ሁለት ለዜሮ አልኩት። ትንሽ ሮጠና መጥቶ ደግሞ «ስንት ለስንት ነን?» ነገርኩት። ጨዋታው አልቆ በትከሻችን ተሸክመነው እየወጣን ሦስተኛ ጠየቀኝ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። አሁን የምንዘፍነው ከዚያ የመጣ ነው፤ «ኪሩቤል ውጤት አያውቅም፣ አጥቂ ነው የሚያውቀው» የሚለው። ቲሸርት ላይም አትመነዋል፣ ይኸው ደረቴ ላይ። አላነበብሽውም?

የሺመቤት፦ ድገመው።

ታፈረ፦ ዘፈኑን?

የሺመቤት፦ ስንት ጊዜ ጠየቀህ?

ታፈረ፦ ሦስት። ምነው ፊትሽ ተለወጠ?

የሺመቤት፦ ሐኪሟ ጠይቃኛለች። «ራሱን ሳይመታ አልቀረም፤ የረሳው ነገር ነበር? አንድ ጥያቄ እየደጋገመ ጠይቋል?» አለችኝ። እሱን ስትጠይቀው «አላስታውስም» አለ። ወደ እኔ ዞረች። እኔ እናቱ፣ አፌን ሞልቼ «ኧረ የለም» አልኳት። እሷም የለም ብላ ጻፈች። ለካ መልሱን ደረትህ ላይ አትመህ ከተማ ለከተማ እየዞርክበት ነው።

ታፈረ፦ ቀልድ ነው እኮ፣ እትዬ። እኛ ቀልድ ነው የመሰለን።

የሺመቤት፦ «ሁለት ሳምንት እንዳይሮጥ፣ ጫጫታና መብራት ይራቀው» አለችኝ። «ሳይሻለው ሁለተኛ ከተመታ ግን» ብላ ጀመረችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። አልጨረሰችውም። ይህን ሁሉ ያለችው እኔ «የለም» ብያት ነው። እውነቱን ብነግራት ምን ትል ነበር?

ታፈረ፦ ሐኪም ያጋንናል። እኔም ስጫወት ስንቴ ተመትቻለሁ።

የሺመቤት፦ እሱስ ይታያል።

ታፈረ፦ ስደቢኝ ግድ የለም። ነገ ግን በግራ በኩል ማን ይቁም? የእነሱ የክንፍ ተጫዋች ፈረስ ነው፤ ከኪሩቤል በቀር የሚይዘው የለም።

የሺመቤት፦ አንተ ቁም። ልምዱ አለህ።

ታፈረ፦ እድል ደጅህን የሚያንኳኳው አንዴ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ነገ ቤት ተኝቶ ቢውልና መልማዩ ሌላውን ቢወስድ፣ ዕድሜ ልኩን አንቺን ነው የሚረግመው።

የሺመቤት፦ ይርገመኝ። ለመርገም እኮ ጤነኛ መሆን አለበት። ተቀምጦ ሲረግመኝ ልስማው፣ እሱ ነው የናፈቀኝ።

ታፈረ፦ በአንቺና በእኔ አያልቅም። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ራሱን እንጠይቀው።

የሺመቤት፦ ግባና ጠይቀው። መብራት እንዳታበራ።

ታፈረ፦ (ከጓዳ ተመልሶ) ጠየቅሁት። «እገባለሁ ጋሼ» አለኝ፤ በራሱ አፍ፣ እየሳቀ።

የሺመቤት፦ ለአንተ መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል? አባቱ ከሞተ ወዲህ የሚያየው አንተን ነው። ገደል ግባ ብትለው ማልያውን ለብሶ፣ «በየትኛው በኩል ጋሼ?» ብሎ ነው የሚገባው።

ታፈረ፦ እኔ ክፉውን እመኛለሁ?

የሺመቤት፦ አትመኝም። ባትመኝም ታደርገዋለህ፣ የባሰውም ይኸው ነው።

ታፈረ፦ መጡ። ጥሩንባው ይሰማሻል? ኧረ ስሚማ እትዬ፣ ስሙን ነው የሚዘፍኑት። ከዚህ እስከ ታችኛው አስፋልት ባጃጅ ነው። የትኛዋ እናት ናት ይህን አግኝታ የምታኮርፍ?

የሺመቤት፦ የጓዳውን መጋረጃ ግለጥ።

ታፈረ፦ ምን ልሆን?

የሺመቤት፦ ስሙ የሚዘፈንለትን ልጅ እየዋ። ምን አየህ?

ታፈረ፦ … ትራሱን ራሱ ላይ ደፍቶታል።

የሺመቤት፦ ሌላስ?

ታፈረ፦ ጉልበቱን አቅፏል። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ… ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ነው የደረሰው። ጥሩንባው በተነፋ ቁጥር ይንዘፈዘፋል። አሁን እኮ እየሳቀ ነበር ያናገረኝ።

የሺመቤት፦ የአንተን ፊት ማጥቆር ከሞት ይበልጥ ስለሚፈራ ነው የሳቀው።

ታፈረ፦ እንደሱ አትበይኝ።

የሺመቤት፦ ምን ልበልህ ታዲያ? «ይቅናህ» ልበል? ዞር በል ከበሩ፣ ወጥቼ እኔ ልንገራቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ አጥሬን ሊነቅሉት ነው።

ታፈረ፦ አትወጪም። አንቺን ሲያዩ ልትመርቂ የወጣሽ መስሏቸው ነው የሚያጨበጭቡት። በሩ ገርበብ ካለ ደግሞ ግር ብለው ገብተው በትከሻቸው ያወጡታል፤ አውቃቸዋለሁ፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። እኔ ልውጣ።

የሺመቤት፦ ወጥተህ ምን ልትል?

ታፈረ፦ ታሟል፣ ነገ አይገባም።

የሺመቤት፦ በጆሯቸው ወይስ በባጃጁ ማይክ?

ታፈረ፦ በማይክ።

የሺመቤት፦ መልማዩስ?

ታፈረ፦ ሆቴሉ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ። ከሄደም ይሂድ።

የሺመቤት፦ ይሰድቡሃል። ቲሸርቱን ከላይህ ላይ ነው የሚቀድዱት።

ታፈረ፦ ይቅደዱት። ጠዋት ደግሞ ጤና ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሦስት ጊዜ እንደጠየቀኝ ራሴ እነግራታለሁ። አሁን ፈጠን በይ፣ ወደ በሩ እየመጡ ነው። ስወጣ ከኋላዬ ዝጊው።

የሺመቤት፦ ሂድ በል። ታፌ… ድንጋይ ከወረወሩ ጎንበስ በል።

ታፈረ፦ (ከደጅ፣ በሩን ተደግፎ) ቆለፍሽው?

የሺመቤት፦ ቆልፌዋለሁ። መቀርቀሪያውንም ወርውሬዋለሁ።

ታፈረ፦ በይ ስሚኝ። ትንሽ ቆይቼ እኔው ራሴ «ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ብቅ ይበልላቸው» እያልኩ ባንኳኳብሽ፣ በአባታችን አፅም ይዤሻለሁ፣ እንዳትከፍቺልኝ።