ከሬሳው የቀደመው ችካል

ባለቤቴን ልንቀብር ስንሄድ መንገድ የዘጋብን አንድ የእንጨት ችካል ነው። ጣሊያን ወደ ቡሬ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ነው ተብሎ በመንደራችን መካከል ችካል ተክሎ ነበር፤ መስመሩንም የሁለት ወረዳ ወሰን አደረገው። ቤታችን ከወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከወዲያ ቀረ። ያንን ችካል አንድ ቀን በሬ ቢጥለው ባለቤቴ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ መልሶ አቁሞታል። የመሬት ክርክር የሚዳኝ ሽማግሌ ነበርና የጠላትም ቢሆን ወሰን መንካት ይፈራ ነበር።

ቃሬዛው እዚያ ሲደርስ ችካሉን የሚጠብቀው ባንዳ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። የአገራችን ልጅ ነው።

«ሬሳም ቢሆን የማዶው ወረዳ ወረቀት ካልሰጠ ከዚህ ችካል አያልፍም» አለ።

«ልጄ፣ አንተንስ ያጠመቅሁህ እዚያ ማዶ አይደለም?» አሉት ቄሱ።

«ነው አባ። ያን ጊዜ ወሰን አልነበረም።»

ወንዶቹ ወደ ችካሉ አልተጠጉም፤ ወሰን መንቀል ለእነሱም ነውር ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁና ችካሉን ነቀልሁት።

«እሜቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ባንዳው።

«ሬሳው ከችካሉ እንዳያልፍ አይደል የታዘዝከው? አያልፍም። ችካሉ ይቅደም።»

ባንዳው ፊቱን አዞረ። ችካሉን ታቅፌ ከቃሬዛው ፊት ሄድሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተከልሁትና ባለቤቴን ከችካሉ ወዲህ ቀበርነው። ባቡሩ አልመጣም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ የገዛ እጄ ነው፤ ባለቤቴ በሕይወት ኖሮ ቢያየኝ ሽማግሌ ፊት አቁሞኝ «ወሰን ገፋች» ብሎ ይከሰኝ ነበር።