የክት ቡት

ከናይሮቢው ኢስትሊ ሰፈር በተነሳው ማታቱ፣ በእኛው ሚኒባስ ታክሲ መሰል፣ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ካርቶን ታቅፏል፤ አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ጫማ ነጋዴ ናቸው። ወሬያቸው በአማርኛ ስለነበር ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«የተራራ ቡት ነው፣ እትዬ። ቅዳሜ ጊጊሪ ካለው መሥሪያ ቤቴ አለቆች ጋር ማውንት ኬንያን እወጣለሁ። በገመድ፣ እስከ በረዶው ድረስ!»

«እስቲ ልየው። ሶሉ አይታጠፍም፤ ለበረዶ ጥሩ ነው። ስንት ቀን ተራመድክበት?»

«ኧረ አልነካሁትም! አዲስ እኮ ነው።»

«ስትገዛውስ አልለካኸውም?»

«ለክቼዋለሁ፤ በባዶ እግሬ ልክክ አለ።»

«ጎሽ! እዚያ ላይ ወፍራም ካልሲ ስታደርግ ጣትህን የት ልታስቀምጠው ነው?»

«ይለጠጣል ብዬ ነው።»

«እንዲህ ያለ ደረቅ ቡት አስቀድመው ካልሄዱበት ተረከዝ ይልጣል፣ ልጄ። መቼ ልትጀምረው ነው?»

«ቅዳሜ፣ ተራራው ሥር ስንደርስ። እስከዚያ በሸበጥ እሄዳለሁ።»

«ለካ የክት ነው! ተራራውን ጥምቀት አደረግኸው እኮ።»

«ታዲያ አለቆቼ ፊት በቆሸሸ ጫማ ልቁም?»

«የእነሱስ አዲስ ነው?»

«የእነሱማ ተፋፍቆ አልቋል። እንዲያውም አሳዘኑኝ።»

«አትዘንላቸው። እነሱ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ አንተን ተሸክመው ነው የሚያወርዱህ። ጫማህ ግን አይቆሽሽም፣ አይዞህ።»

እኔም ለወንድሜ ሠርግ የገዛሁትን ጫማ ከነካርቶኑ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግሁት።