ሚዛኑ ለምን ዘለለ

አንጋፋው ኤሌክትሪሺያን ከወንድማቸው ልጅ ጋር ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ድንገት ተገናኙ። ልጅቷ የኤሌክትሪክ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ናት፤ ስንዴ ልታስፈጭ መጥታለች። እሳቸውን ያስጠራቻቸው ባለወፍጮዋ ነች። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር የዲጂታል ሚዛኑ ቁጥር ይዘላል፤ ደንበኞችም ሴትየዋን ፊት ለፊት «ሌባ» ይሏት ጀምረዋል። ሚዛን ብትቀይርም ያው ሆነባት። ዛሬ ካልተስተካከለ ወፍጮውን ልትዘጋ ቆርጣለች።

«አጎቴ፣ ይህን ገመድ ማን ዘረጋው?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ነኛ! ምን ይወጣለታል?» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። እውነትም ያምራል፤ ወፍራሙ የሞተር ገመድና ከሚዛኑ ወደ ቁጥር ማሳያው የሚሄደው ቀጭን ገመድ አንድ ላይ ተጠፍረው ግድግዳውን ቀጥ ብለው ይወጣሉ።

«ጥፋቱ እዚያው ነው። የሞተሩ ገመድ ጎኑ የተኛውን ይረብሸዋል። ከሚዛኑ የሚመጣው ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ ማሳያው ረብሻውን ክብደት ነው ብሎ ያነበዋል።»

«ሳይነካካ? ሁለቱም እኮ ፕላስቲክ ለብሰዋል!»

«ፕላስቲኩ ሰው እንዳይነዝር ነው እንጂ ረብሻ አያግድም። የሬዲዮ ሞገድስ ግድግዳ አልፎ ይገባ የለ?»

ሽማግሌው ነገሩ ከነከናቸው። አቅፈው ያሳደጓት ልጅ አስተማሪ ስትሆንባቸው ግን አልዋጥላቸው አለ።

ልጅቷ የሚዛኑን ገመድ ጫፍ አየችና፣ «ሽቦዎቹን የሸፈነው የብረት መረብ የት ሄደ?» አለች።

«ያ ቆሻሻ? ማሸጊያ መስሎኝ ከጫፉ ቆርጬ ጣልኩት።»

«እሱ እኮ ነው ጠባቂው! ረብሻውን ተቀብሎ ወደ መሬት የሚሰደው። ደግነቱ ውስጡ አልተነካም። እንሞክረውና ካልሆነ ይሳቁብኝ።»

«እስቲ እናያለን!»

ሞተሩን አጥፍተው የሚዛኑን ገመድ ነጠሉና በሌላው ግድግዳ አሳለፉት። ፕላስቲኩን ትንሽ ገፈው መረቡን አወጡ፤ በማሳያው በኩልም ከመሬት ሽቦ ጋር አሰሩት። ትምህርቱ የልጅቷ ይሁን እንጂ በእጅ ፍጥነት ሽማግሌውን የሚደርስባቸው አልነበረም።

አንድ ጆንያ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ባለወፍጮዋ ሞተሩን አስነሣች። ቤቱ ተናወጠ፤ ቁጥሩ ግን ፍንክች አላለም። አጥፍታ ደገመችው። አሁንም ፍንክች የለም። ሊያስፈጭ የተሰበሰበው ሰው በጭብጨባ ቤቱን አደበላለቀው።

«ሰማችሁ? የኃይል ገመድ ለብቻው፣ የምልክት ገመድ ለብቻው! መረቡ አይጣልም፤ ከመሬት ይታሰራል!» እያሉ ሽማግሌው ራሳቸው እንዳገኙት ሁሉ ይሰብኩ ጀመር። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ይስበኩ እንጂ! የማያውቁትን ሰምተው ወዲያው ሥራ ላይ ስላዋሉ ሚዛኑ ታመነ፤ ያለ ጥፋቷ የተሰደበች ሴትም እንጀራዋ ተረፈ።

አስቀድማ «ሌባ» ብላ የጮኸችው ደንበኛ ቀረብ ብላ፣ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ባለወፍጮዋ የሴትየዋን ጆንያ ተቀብላ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችውና፣ «ነይ፣ ራስሽ አንብቢው» አለቻት።