የጉድፊና ሳህን

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከመንገድ ባስገባኝ ዕለት፣ በሰሜን አይስላንድ በሽማግሌው ብራንዱር ቤት የነበርነው እሳቸው፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ሶልሩን፣ ውሻቸውና እኔ ኢንድሪዲ ነበርን። ባለቤታቸው ጉድፊና ሆዷ አብጦ ከሞተች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር።

ሽማግሌው በልተው ሲጨርሱ፣ ክዳን ያለውን የእንጨት ሳህናቸውን እንደ አገሩ ልማድ መሬት ላይ አስቀመጡት። ውሻው ልሶ ጨረሰ፤ ሳህኑም ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ቀጥለው የጉድፊናን ሳህን አወረዱና ሶልሩንን፣ "ከነገ ጀምሮ ይሄ ያንቺ ነው" አሏት።

ዓይን አፋር ነኝ፤ ያን ቀን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅቷ በዚያ አትብላ።"

"ለምን? አባቴ የጠረበው ነው።"

"የወረዳው ሐኪም ሆድ የሚያሳብጠው በሽታ ከውሻ ይመጣል ብሏል። ዓይን የማያየው የትል እንቁላል በምላሱ ሳህኑ ላይ ይቀራል።"

"ሐኪም! ውሻዬን የት ያውቀውና? ከአንተ ፊት ይልቅ የሱ ምላስ ይጸዳል፣ ልጄ።"

ሶልሩን ሳቀች። ፊቴ እየጋለ፣ ለእናቴ የገዛሁትን በነጭ ቅብ የተለበጠ የብረት ሳህን ከከረጢቴ አወጣሁ።

"ይሄ በፈላ ውሃ ከታጠበ ምንም አይቀርበትም። እንጨት ግን የነካውን ሁሉ ይጠጣል።"

"ቀዝቃዛ ነገር! የሙት ፊት ይመስላል።"

"እርስዎ ለዓሣ ሲወጡ የቆዳ ልብስዎን በጉበት ዘይት የሚያሹት ለምንድን ነው?"

"ባሕሩን እንዳይጠጣብኝ ነዋ! የጠጣ ልብስ ሰው ይገድላል።"

"የጠጣ ሳህንስ?"

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። መጥረቢያ አነሡና የጉድፊናን ሳህን ለሁለት ፈለጡት። ከላይ ንጹሕ ይመስል የነበረው እንጨት ውስጡ እስከ ግማሹ ጠቁሮ ነበር። የከረመ ቅባትና የኮመጠጠ እርጎ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"አርባ ዓመት በዚህ በላች" አሉ።

ከዚያ እጄን ያዙና ከጎድናቸው በታች አስነኩኝ። እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት ነበር።

"ይሄም እሱ ነው?"

"እንጃ፣ አባባ።"

"ታውቃለህ። በል፣ ያን ሳህንህን ለልጅቷ ተውላት።"

ፈሳሽ የማይጠጣ ዕቃ የትናንቱን ምግብ ለነገ አያቆይም፤ የትናንቱንም በሽታ እንዲሁ። ውሻም ከሰው ሳህን ከራቀ አይራብም፤ የራሱን ድርሻ ደጅ ካለ ድንጋይ ላይ ይበላል።

የቀሩት የእንጨት ሳህኖች ያን ዕለት ምድጃ ገቡ። ብራንዱር በመስከረም ተቀበሩ። ሶልሩን በነጩ ሳህን ትበላለች።